እንጃ የተባለው ማዕድን

ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ለአንድ የውጭ አገር የማዕድን ሊቅ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሙሴ እንለዋለን። አማርኛው ከሰላምታና «ማን ይባላል?» ከማለት አያልፍም። ታች ወርቅ ይመዘናል፤ ላይ እኛ ከደቡብ የመጣ ብጫ ድንጋይ እንፈጫለን።

ዩራኒየም እንዳለበት የጨረር መለኪያው መሣሪያ ጮሆ ነግሮናል። ሙሴ ዱቄቱን ራጅ ያነሳና ፊልሙ ላይ የወጡትን መስመሮች በመጻሕፍት ካሉት ጋር ያስተያያል። ከየትኛውም ጋር አልገጠሙም፤ ማዕድኑ አዲስ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ከአንዲት ቅንጣት የውስጡን አሠራር አወጣ፦ ዩራኒየሙ ከኦክስጅን ጋር ስስ ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፎቹ ይደራረባሉ፤ በየመሃላቸው ውሃ አለ። ማዶ ያለው ኬክ ቤት የሚሸጠውን፣ በየንብርብሩ ክሬም ያለበትን ኬክ አስታወሰኝ። ነገርኩት።

«ልክ ነህ» አለ። «ግን አይበላም።»

አዲስ ማዕድን ስም ይፈልጋል። እኔ ያኔ ግጥሞቼን ጋዜጣ ቤት አመላልስ ነበር፤ መልሱ ሁልጊዜ «ቦታ የለም» ነው። አንድ ቃሌ እንኳ ታትማ ባያት ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ «ጮራ» ይባል አልኩት። ወደደው። ሆኖም የተገኘበት ቦታ ስም ይቀድማል ብሎ ድንጋዩ የመጣበትን ከረጢት አሳየኝ። በራሱ እጅ «እንጃ» ብሎ ጽፎበታል።

ወርጄ ሙሴን ደቡብ ይዞት የሄደውን ሾፌር ጠየቅኩት። ጂፑን ተደግፎ ቆሟል፤ የአራዳ ልጅ ነው።

«'ይሄ ተራራ ማን ይባላል?' አለኝ። 'እንጃ' አልኩት። ደስ ብሎት ጻፈ። ደስ ያለውን ሰው ምን ብዬ ላስከፋው?»

ደረጃውን እየዘለልኩ ተመለስኩ። የቦታ ስም ከሌለ ጮራ አለፈች ማለት ነው። እንጃ ማለት አላውቅም ማለት እንደሆነ ለሙሴ አስረዳሁት። እርሳሱን አስቀመጠ።

«ታዲያ የቦታው ስም ማን ነው?»

«እንጃ» አልኩ፣ አምልጦኝ።

«ሁለት ሰው ጠየቅኩ። የሁለታችሁም መልስ አንድ ነው» ብሎ እርሳሱን አነሳ። ይቀልድ አይቀልድ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም።

«እንጃ» የሚለው ስም የወጣበት የማዕድን መጽሔት ከውጭ ታትሞ ሲመጣ ለሾፌሩ አሳየሁት። ቡና ቤት ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ፣ የማያነበውን ገጽ በጥሞና አየ።

«አንተ ስንት ዘመን ግጥም ትጽፋለህ፤ የታተመው የኔ» አለ። «ለመሆኑ ሰዉ ፍቺውን ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?»

ብዙ መልስ ፈለግኩ። ያለው አንድ ብቻ ነበር።