የዘርአጽዮን አፍንጫ

የአንድ ሰው ሕይወት ተደምሮ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳቀርብ ኖሬአለሁ። ብዙዎቹ ያዛጉ ነበር፤ እኔም መልሱን ስለማላውቀው አልተቀየምኳቸውም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሳህን ተሸክሞ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ ሲመላለስ አገኘሁት። ስሙ ዘርአጽዮን ነው።

ዘርአጽዮን ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ረጅም ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ምሳ የምበላው እሱ በሚያስተናግደው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሐኪሜ የፈቀደልኝን አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ይዞልኝ ሲመጣ ስለ ወይኑ አንድ ነገር ሳይነግረኝ አያስቀምጠውም። ወይኑ ከየትኛው ኮረብታ እንደመጣ፣ ስንት ዓመት በበርሜል እንደቆየ፣ የዚያ አገር ገበሬ ጭጋግን ለምን እንደሚወድ ይነግረኛል። ሁልጊዜም ንግግሩን «ይላሉ» ብሎ ይዘጋዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። አንድ እንግዳ ሁለት ጠርሙስ አስቀርቦ «የነዚህ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ሁለቱም ቀይ ናቸው ጌታዬ» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። ዘርአጽዮንም አብሮ ሳቀ፤ በነጋታው ግን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ስለ ጣሊያን ወይን የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛ። መጽሐፉ ከሮም በታች ያለው ገጹ ተገንጥሎ ስለነበር ለሁለት ዓመት ያህል የዘርአጽዮን ጣሊያን ሮም ላይ ያበቃ ነበር። ደቡቡን ያገኘው በኋላ፣ ልጁ ስልክ ገዝታ ስትሰጠው ነው።

ቤቱ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣል። የሚያጠናው ያን ጊዜ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበርና በቃል መያዝ የሚያውቀው ዳዊት በደገመበት ስልት ብቻ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ እየተወዛወዘ፣ አውራጃውን ከወይን ዘሩ ጋር ይደግማል። «ፒዬሞንቴ፣ ኔቢዮሎ። ቶስካና፣ ሳንጆቬዜ። ቬኔቶ፣ ኮርቪና። ካምፓኒያ፣ አሊያኒኮ።» አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠው የነበሩ እናት ሲወርዱ ክንዱን ነካ አድርገው «ለኔም ጸልይልኝ ልጄ፣ ወለተ ማርያም በለኝ» አሉት። እሺ አላቸው። ምን ይበል?

መጽሐፉ የሚጠራቸው ሽታዎች ግማሾቹ አገራችን የሉም። ዘርአጽዮን በዚህ አልተቸገረም። ኔቢዮሎ ሬንጅና ጽጌረዳ ይሸታል ሲለው፣ ሬንጁ ለሚ ኩራ በየመንገዱ ሲፈላ ይውላል፤ ለጽጌረዳው ደግሞ አበባ ሻጮች ዘንድ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። ሳንጆቬዜ ኮምጣጣ ቼሪ ይሸታል ለሚለው፣ ቼሪ አይቶ ስለማያውቅ «ኮሽም ነው» ብሎ ቆረጠ። ብዙ የወይን ዓይነቶችን ደግሞ በሰፈሩ ሰው እየመሰለ ለይቷቸዋል። አንድ ሐሙስ ስለ ኔቢዮሎ እንዲህ አለኝ፦

«መልኩ ገርጣ ያለ ነው ጋሼ፤ ሲያዩት ደካማ ይመስላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ምላስ አድርቆ ያስቀራል። ልክ እንደኛ ዕድር ሰብሳቢ። ይላሉ።»

«ይላሉ ማለት ምንድን ነው? አንተስ?»

«እኔማ አልቀምስም።»

«ጾም ይዘህ ነው?»

«ግዝት ነው ጋሼ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ በካቲካላ ነው የሞቱት። ዘርአጽዮን የሺመቤትን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ የልጅቱ ቤተሰቦች ይህን አንስተው አንገራገሩ። ያን ጊዜ ጎልማሳው በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ የነፍስ አባቱን መምሬ ኃይለኪሮስን «ይገዝቱኝ! የሚያሰክር ነገር ምላሴን እንዳይነካ» አላቸው። ደግ ሰው ነበሩና «ልጄ፣ ዓመት ይበቃሃል» ቢሉት «የለም፣ እስከ ዕለተ ሞቴ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ልጅቱ ተሰጠችው። በፍቅር ሞቅታ የተነገረች አንዲት የጊዜ ገደብ ሃያ ዓመት ተከትላው፣ ወይን ቀጂ ሆኖ እስኪያገኝ ድረስ ጠበቀችው።

ስለዚህ የተማረው ሁሉ በአፍንጫው ነው። በዲያቆንነቱ ዘመን ቤተ ልሔም ውስጥ ለቅዳሴ ዘቢብ ሲዘፈዝፍ፣ የከረመውን ከአዲሱ በማሽተት ይለይ ነበር። ቬኔቶ ውስጥ የወይን ፍሬ ለወራት አስጥተው አጠውልገው እንደሚጨምቁና አማሮኔ የሚባለውን ወይን እንደሚያወጡ ሲያነብ በደስታ ሊሞት ምንም አልቀረው። «የኛ ሥራ እኮ ነው ጋሼ! ዘቢብ ለመሆን ትንሽ ሲቀረው ያዙት እንጂ!» እንግዶች ሲሄዱ ባዶ ብርጭቆ አንሥቶ ወደ ኩሽና እስኪደርስ ድረስ አፍንጫውን ውስጡ ያደርጋል። የማያውቁት ሰዎች መታጠብ የሚገባው መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ ይመስላቸው ነበር።

የቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ሃይደር የወሎ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ዘርአጽዮንን ሳይነካካው አይውልም።

«እዚህ ቤት ወይን የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው፣ እኔና አንተ። ሁለታችንም አልቀመስንም።»

«አንተ ምኑን ታውቀዋለህ?»

«ስትለፈልፍ አሥር ዓመት ሰምቼ! አሁን ብጠጣ ለአላህ የምነግረው ምክንያት እንኳ የለኝም፤ ጣዕሙን አስቀድመህ ጨርሰህብኛል።»

ባለፈው ዓመት የምግብ ቤቱ ባለቤት ሊድያ፣ ቤቱን ከአባቷ የወረሰች ወጣት ሴት፣ ሠራተኞቿን ሰብስባ አንድ ወይን አስመጪ ድርጅት ሥልጠና ማዘጋጀቱን ነገረች። ፈተናውን ያለፈ ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፤ የቤቱ ወይን አቅራቢ ይሆናል፤ ጥቁር ሰደርያ ይለብሳል፤ ሳህን አያነሳም። ሥራው ጠርሙስ መክፈትና ከእንግዳ ጋር ማውራት ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ዘርአጽዮን ዞሩ።

«ጉልበቴን ብዬ እንዳይመስልዎ» አለኝ በዚያ ሐሙስ። «ሳህን ማንሳት አልጠላሁም። ግን ያ ሰውዬ ከጠየቀኝ ወዲህ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም እኮ። እኔ ነኝ ሳልጠየቅ የምናገረው። አንድ ቀን ተጠይቄ መመለስ እፈልጋለሁ።»

የጽሑፉን ፈተና ከመቶ ዘጠና ሰባት አገኘ፤ ከሁሉም አንደኛ። የቀረው የቅምሻው ነበር። «ይተፋል እኮ ጋሽ ዘርአ!» አለችው ሊድያ። «ማንም አይውጠውም፤ ፕሮፌሽናል ነገር ነው።» መተፋቱ ተስፋ ሰጠውና መምሬ ኃይለኪሮስን ወደ ተኩት አዲሱ የነፍስ አባቱ ሄደ። ንግግራቸውን ራሱ ነው የነገረኝ።

«አባቴ፣ አልውጠውም። አፌ ውስጥ አዙሬ እተፋዋለሁ።»

«ለምን ትተፋዋለህ? መጥፎ ነው?»

«ኧረ በጣም ጥሩ ነው፣ ይላሉ።»

«ጥሩ ከሆነ ለምን ይተፋል?»

«የፈተናው ደንብ ነው።»

ካህኑ ጢማቸውን አሻሹ። «ጠጥቶ ንስሐ የሚገባ ሰው አውቃለሁ። ተፍቶ የሚመጣ ግን አልገጠመኝም። እኔ አላሰርኩህም፣ እኔ አልፈታህም። ያሰረህ ይፍታህ።»

«መምሬ አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው ከእሳቸው ጋር እዚያው ስትገናኙ ትነጋገራላችሁ።»

ቤቱ ገብቶ ለየሺመቤት ነገራት። «የምን ግዝት?» አለች። ሲያስታውሳት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! እሱ አሁንም አለ እንዴ? እኔ እኮ የማትጠጣው ጨጓራህን እያመመህ ይመስለኝ ነበር!»

የፈተናውን ቀን የነገረኝ አብሮት የተፈተነው አስተናጋጅ ጸጋይ ነው። ስድስት ብርጭቆ፣ ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው፣ በየሰው ፊት ተደረደሩ። ዘርአጽዮን አንድ በአንድ አሽትቶ የስድስቱንም ስምና አገር ጻፈ፤ ስድስቱም ትክክል ነበሩ። አራተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «እሳተ ገሞራ ሥር የበቀለ፤ ሲሲሊያ፣ ኤትና» ብሎ ጻፈ። ከእሱ ሌላ ይህን ያወቀ ተፈታኝ አልነበረም። ስለ ኮምጣጣነቱ፣ አፍ ስለማድረቁና ምላስ ላይ ስለመክበዱ የሚጠይቁትን ሳጥኖች ግን ባዶ ተዋቸው። መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩ ከወረቀቱ ግርጌ «ይህን ሁሉ ራሴ ቀምሼ አረጋግጫለሁ» የሚል የፊርማ ቦታ መኖሩ ነው።

«ሙላና ፈርም እንጂ ሰውዬ! ማን ያይሃል?» አለው ጸጋይ ቀስ ብሎ።

«ሳልቀምስ ቀመስኩ ልበል?»

«ታዲያ ቅመስ!»

ሁለቱንም አላደረገም። ፈታኟ ጣሊያናዊት ለምን እንደተወው ስትጠይቅ አስተርጓሚው ቢሩክ ግዝትን እንዴት እንደሚያስረዳት ጨነቀውና «አለርጂ አለበት» አላት። ከልቧ አዘነች። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሌላ ሙያ ቢፈልግ እንደሚሻለው መክራ፣ ለጤናው ተመኝታ ጣለችው። ጸጋይ በስድሳ ሁለት አለፈ። ከስድስቱ የለየው አንዱን ነበር፤ ሳጥኖቹ ግን ሁሉም ተሞልተዋል፣ ፊርማውም ያምራል።

ዛሬ ጥቁሩን ሰደርያ የሚለብሰው ጸጋይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንግዳ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲጠይቀው «አንድ ጊዜ ላጣራ» ብሎ ከዓምዱ ጀርባ ይሄዳል፤ እዚያ ዘርአጽዮን ሳህን እንደያዘ ይነግረዋል፤ ጸጋይም ተመልሶ ይናገራል። «ይላሉ» የምትለዋን ብቻ ያስቀራታል። እኔ በዕድሜዬ ያየኋቸው ብዙ የትምህርት ተቋማት ከዚህ የተለየ አሠራር አልነበራቸውም።

ከውጤቱ በኋላ ዘርአጽዮን አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ጠርሙሱ ይሸፈንለት፤ በአፍንጫው ብቻ፣ ሰው ባለበት ይጠየቅ፤ ወረቀትም ሰደርያም አይፈልግም። ሊድያን ለመናት፤ «ዛሬ ግሩፕ ቡክ አድርጓል ጋሽ ዘርአ፣ በኋላ እናየዋለን» አለችው። ሃይደርን ለመነው፤ «እኔ ልክ ነህ ብል ማን ያምነኛል?» አለው፤ እውነቱን ነው። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነው የጋበዙኝ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ አብረውኝ ተቀምጠው ሳለ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን እንደሚጠጡ ለኔ አይንገሩኝ። ጸጋይ ይቅዳልዎትና ብርጭቆውን ለአንድ ደቂቃ ይስጡኝ። ላሽትተውና ከየት እንደመጣ ይጠይቁኝ። እንግዶችዎም ይስሙ።»

አስተናጋጅ ብርጭቆዬ ውስጥ አፍንጫውን ሲያስገባ ተማሪዎቼ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

«ሌላ ጊዜ ይሁን፣ ዘርአጽዮን» አልኩት።

«እሺ ጋሼ» አለና ሾርባችንን ሊያመጣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐሙስ አልፏል፤ እሱም አልደገመው፣ እኔም አላነሳሁበትም።