በእናቴ ድምፅ ላይ

ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ እየጠበቅኩ፣ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ የተቀመጠ አሮጌ ቴፕ አየሁ። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ሳየው ልቤ ካዛንቺስ፣ እማማ ዘሃራ ቤት ገባ።

እናቴ ለሥራ ቤይሩት ስትሄድ ለጎረቤታችን ለእማማ ዘሃራ ነበር አደራ የሰጠችኝ። አንድ ቀን በሰው እጅ ካሴት ላከች። ድምፅዋ ሲመጣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ቴፑ ሲግል የሚሸተው የላስቲክ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። "ፀጉርሽን ማን ይሠራሻል?" ትልና መልሴን የምትጠብቅ ይመስል ዝም ትላለች። እኔም "እማማ ዘሃራ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ከትምህርት ቤት በመጣሁ ቁጥር እንደዚያው ነበር።

ካሴቱን ያመጣችው ሴትዮ ወደ ቤይሩት ልትመለስ ስትል እማማ መልስ እንላክ አሉ። ሌላ ካሴት ግን አልነበረንም።

"እዚሁ ላይ እንቅዳ" አሉኝ።

"የእማዬ ድምፅ ይጠፋል እኮ!"

እጄን ያዝ አደረጉኝ። "አይ ልጄ፣ አንቺማ ሰማሻት። እሷም ያንቺን ትስማ እንጂ፤ በሰው አገር ብቻዋን ናት።"

ቁልፉን አብረን ተጫንነው። ስለ ክፍሌ አወራሁ፣ ያጠናሁትን ግጥም አነበነብኩ፤ "መቼ ነው የምትመጪው?" ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

መልስ አልመጣም፤ እናቴም አልመጣችም። እማማም አርፈዋል፣ ቤቱም ፈርሷል። ያን ቀን ያወራሁትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። የእናቴ ድምፅ ግን ቀጭን ይሁን ወፍራም አላውቅም።