የአርቢትሮው ዋጋ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። እኔን የሚያሳድደኝ ሰው አልነበረም፤ ኬላው ላይ ያለው ጣሊያን እንኳ አውቆኝ "አርቢትሮ፣ ወዴት ነው?" ብሎ ሳቀ። አርቢትሮ በእነሱ ቋንቋ የጨዋታ ዳኛ ማለት ነው። "ደምበጫ፣ ዘመድ ሞቶብኝ" አልሁት። አሳለፈኝ። ያን ጊዜ ቢያስረኝ ደስ ባለኝ።

ይጁቤ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ "ጣሊያን ወርቅ ይሰፍርለት ነበር" እየተባለ እንደሚወራብኝ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ሰምቻለሁ። ወርቅ አልነበረም። ለአንድ ጨዋታ ሃያ አምስት ሊሬ ነበር።

እንዴት እንደገባሁበት ታውቃላችሁ። የገና ጨዋታ ሲሆን፣ የእንጨት ኳሷ ሩር ከመስመሩ አለፈች አላለፈችም ተብሎ ዱላ መማዘዝ ሲመጣ የምጠራው እኔ ነበርሁ። ዋጋዬ አንድ ዋንጫ ጠላ ነበር፤ የሚቀዳልኝም የተረታው ወገን ነበር፣ ቅር ሳይለው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉ አጠገብ የኳስ ሜዳ አስጠርጎ ወታደሮቹን ከከተማው ልጆች ጋር ሲያጋጥም፣ አንድ ካፒቴን ይህን ሰምቶ አስጠራኝና ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውል ሰው በቀን አራት ሊሬ በሚያገኝበት አገር ለእኔ ሃያ አምስት ሲሰጠኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

እህቴ ጥሩወርቅ ግን ጠየቀች። "ወንድምዓለም፣ አታርስለት፣ አትጠርብለት፤ ምን ሸጠህለት ነው?"

"ዓይኔን" አልኋት እየሳቅሁ።

አንድ እሑድ ካፒቴኑ ከሌላ መኮንን ጋር ተወራረደ። የከተማው ልጆች ካሸነፉ ወር ሙሉ ከጉልበት ሥራ ነጻ ሊሆኑ፣ ከተሸነፉ ድንጋይ መፍለጫው ሊወርዱ ተባለ። ከጨዋታው በፊት አስተርጓሚውን አስከትሎ ወደ እኔ መጣ።

"ዛሬ አምሳ ነው" አለኝ።

"ለምን አምሳ?"

"ዛሬ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ሁሉን ላታይ ትችላለህ።"

ገብቶኛል። አልገባኝም ብዬ አልዋሻችሁም።

አንድ ለአንድ ሆነው ሊያበቃ ሲል የጥሩወርቅ ባል ይሁኔ ኳሷን መታት። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ገባች። አየኋት። ፊሽካዬን ነፋሁና "ሰው ጠልፏል፣ አልገባችም" አልሁ። ይሁኔ ቀረብ ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ "አይተሃል አይደል?" አለኝ። ፊሽካዬን ነፍቼ ጨዋታው ይቀጥል አልሁ። ወዲያው ወታደሮቹ አገቡ። አሥራ አንዱም ላባቸው ሳይደርቅ ተነዱ። ካፒቴኑ አምሳዋን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጉንጬን እንደ በቅሎ መታ መታ አደረገኝ።

ከእህቴ ቤት ሄጄ ነገርኋት። አላለቀሰችም። ሞሰቡን አቀረበችልኝ፤ እጄን ግን አላስታጠበችኝም። እኔም ያንን እጅ ወደ ሞሰቡ ሳልዘረጋ ተነሣሁ። በሳምንቱ ወጣሁ።

አምሳዋን ሊሬ ቆላውን አቋርጦ ሱዳን ላደረሰኝ መንገድ መሪ ሰጠሁት። ሽሽቴም በዚያው ገንዘብ ሆነ። እዚህ ውሃው በፍየል አቁማዳ ስለሚቀመጥ ቆዳ ቆዳ ይላል። ባሚያ የሚሉት ወጥ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ሙቀቱ ሌት እንኳ አይለቅም፤ የይጁቤን ብርድ ስረግም የኖርሁት ሰው ዛሬ ያንኑ ብርድ ለማግኘት ስለት እሳላለሁ።

ስደተኛ የሚመዘግበው እንግሊዝ በአስተርጓሚ "ሥራህ ምን ነበር?" አለኝ።

"ዳኛ።"

ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። "የየትኛው ፍርድ ቤት?"

"የኳስ ሜዳ።"

ወንበሩን መልሶ ወሰደው። "ጎበዝ ዳኛ ነበርህ?"

"አይ፣ ውድ ነበርሁ።"

ከወር በኋላ ያው ሰውዬ አስጠራኝ። ወታደሮቻቸው ዳኛ ቸግሯቸዋል፤ በጨዋታ በአገሩ ገንዘብ ስምንት ግርሽ ይከፍላሉ። እኔ ግሪኩ ነጋዴ መጋዘን የማሽላ ጆንያ ተሸክሜ በቀን የማገኘው ሦስት ነው።

"ማን እንዲያሸንፍ ነው የምትፈልጉት?" አልሁት።

ፊቱ ቀላ። "እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም።"

"እዚያም መጀመሪያ አልነበረም" ብዬ ወደ ጆንያዬ ተመለስሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት እሱን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አቶ ጫኔ የሚባሉ የይጁቤ በቅሎ ነጋዴ መጥተው የአገር ወሬ ነገሩኝ። ይሁኔ ከድንጋይ መፍለጫው ተመልሷል፤ ሁለት ጣቱን ቋጥኝ ጨፍልቆበታል። ጥሩወርቅ ሴት ልጅ ወልዳለች። የይሁኔን መልእክትም አደረሱልኝ፦ "መጥቶ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት፣ ገብታለች ይበል። ከዚያ ቤቴ ቤቱ ነው።"

አሁን እንዳልመጣ መንገዱ ሁሉ ውጊያ ነው። "አቶ ጫኔ" አልኋቸው፣ "እርስዎ ይንገሩልኝ። በሰው ፊት ቆመው፣ ገብታለች ይበሉልኝ።"

የበቅሏቸውን ኮርቻ አጠበቁ።

"እኔ ያን ዕለት ደምበጫ ነበርሁ፤ አላየሁም" አሉ። "ያላየሁትን አልመሰክርም፣ ልጄ።"

ከዚያም በቅሎዎቻቸውን ነድተው ወደ ደጋው ወጡ።