የእመት ዘይነብ ቅባት

«ሰፈፍ ነው እያልኋችሁ። እመት ዘይነብ ስታቀልጠው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ» አለች እኅቴ ስመኝ።

«ያየሽውስ ሰፈፍ ይሁን። ያላየሽውስ?» አለች እናቴ።

«ያላየሁትን አንቺም አላየሽው።»

የነፍስ አባታችን አባ ተገኝ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ያዳምጣሉ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። በመካከላችን መሬት ላይ፣ በቅል ስባሪ ላይ የተቀመጠች፣ ጣት የሄደባት፣ ነጣ ያለች ቅባት አለች። ክርክሩ በእሷ ነው፤ የንብ ሰፈፍ ናት ወይስ የግመል ሞራ? ግመል ካለባት ስመኝ ፊቷን በርኩስ ስትቀባ ከርማለች ማለት ነው። ቄደር የሚሉትን የመንጻት ጥምቀት ሳትጠመቅ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ከአንበሳሜ የሚመጡት የእጮኛዋ ሽማግሌዎችም ይህን ከሰሙ ከመንገድ ይመለሳሉ።

ግመል አልነበረባትም። በዚያ ቤት ይህን ያለ ጥርጥር የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ግመሉን የፈጠርሁት እኔ ነኝና። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለአባ ተገኝም ስናዘዝ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርሁ ይህን ዘልዬዋለሁ። አሁን ለምታነበው ለአንተ እነግርሃለሁ።

የስመኝ ፊት የተበላሸው ከታጨች በኋላ ነው። መንገድ ዳር ካለ ሱቅ በቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ጠይም ያቀላል የተባለ ቅባት ገዛች። በመጀመሪያ እውነትም ቀላች። ቆይቶ ፊቷ ይነዳት ጀመር፤ ተላጠ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ በርበሬ ይለበልባት ነበር። እናቴ ቅቤ ቀባቻት፤ ባሰባት።

እመት ዘይነብ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ነበረች። ስመኝን አንድ ቀን ከደጅ ጠርታ አገጯን ይዛ አየቻት፤ መጀመሪያ ያዘዘቻትም ምንም እንዳትቀባ ነው። ለብ ያለ ውኃ ጠዋትና ማታ፣ ሳይታሽ፤ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ። ቁስሉ ሲጠግግ ከጓሮዋ እሬት ቆርጣ የውስጡን ዝልግልግ ቀባቻት። ቅባቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሰፈፍና የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በምስር ፍሬ ልክ ብቻ።

«ፊት ብቻውን አይድንም» ትል ነበር። የራስ ቅቤ እየተንጠባጠበ መተኛት ቀረ። በቀትር ጠላ ሳይሆን ውኃ፤ በክረምት የፎገራ ጎርፍ ወንዙን ሲያደፈርሰው ደግሞ ውኃው ፈልቶ ይጠጣል። ጎመን በየቀኑ፣ እንቅልፍ በጊዜ። ስመኝ ሁሉንም ሰማቻት፤ ለመስቀል ፊቷ ተመለሰ። ይህን ያዩ የሰፈራችን ሴቶች ቅባቱን ይገዟት ጀመር። ልጆቻቸውን በእንዶድ ማጠብ፣ ውኃ ማፍላት ለመዱ። በኛ መንደር የልጆች እከክና የሆድ ቁርጠት ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ምን አደረገችኝ? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ፊደል ያለ መምህር ለቅሜ የተማርሁ፣ ግጥም በየአጥሩ ጥግ የምደረድር ጎረምሳ ነበርሁ። አንድ ከሰዓት በእመት ዘይነብ ግቢ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ንጋት ጤዛ የገጠምሁትን አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ግጥምህስ ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለች። «አንገትህን ግን ታጠብ። ጤዛው እዚያ አልደረሰም።»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስመኝም ሳቀች። እውነቷን ነበር፤ አንገቴ ላይ እድፉ እንደ ማተብ ዞሮኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ አንገቴን ታጠብሁ። አስተውልልኝ፤ ምክሯን ተቀበልሁ። አንገቴ ሳይደርቅ ግን ተቀምጬ ይህችን ጻፍሁ፦

ፊትሽ ምን ቢያበራ እንደ መስታወት፣
የግመል ሞራ ነው የታሸሽበት።

የእመት ዘይነብን ስም አልጠራሁም። መጥራትም አያስፈልግም ነበር። በማግሥቱ ሠርግ ላይ ከበሮ ለምትመታ አንዲት ዘመዳችን «ከገበያ የሰማሁት ነው» ብዬ ሰጠኋት። እሷ አወጣችው፣ ሕዝቡ ተቀበለው፤ ግጥሙ ከሠርግ ቤት ወደ ሠርግ ቤት የፎገራን ሜዳ ዞረ።

ሳላስበው ነው እንዳልል አስቤዋለሁ። ጅብ ብል ይስቁ ነበር እንጂ አያምኑም። ግመል ብል ግን እንደሚያምኑ ዐውቅ ነበር፤ እስላም ግመል ይበላል፣ ክርስቲያን አይነካም። አብረን ቡና ጠጥተን፣ በለቅሶ አብረን ቆመን፣ ሥጋው ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። ያቺን መለያ ፈልጌ፣ መርጬ ነው ጣቴን የከተትሁባት። ከዚህም የከፋ አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ግጥሜን በቃሉ ሲያንጎራጉረው ገበያ መሀል ሰማሁ፤ ደስታዬን አልችለው ብዬ እስከ ቤቴ እየሮጥሁ ሄድሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሴቶቹ ቅባቱን በእመት ዘይነብ ደጅ እየጣሉ ሄዱ። እናቴ አባ ተገኝን ጠራች። መጀመሪያ የነገርሁህ ክርክርም ያን ቀን የሆነው ነው።

እመት ዘይነብ ተጠርታ መጣች፤ ከበሩ አላለፈችም።

«ከምን እንደሚሠሩት ይንገሩን» አሉ አባ ተገኝ በትሕትና።

«አባ፣ ሰፈፉን የምትሸጥልኝ የእርስዎው ንስሐ ልጅ ናት» አለች። «ደግሞስ ግመሉን ከየት ላምጣው? በዚህ በፎገራ ጭቃ ላሙም እየሰመጠ በገመድ ይጎተታል። ግመል ቢመጣ ጆሮው እንኳ አይታይም።»

አባ ተገኝ ፈገግ አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። እናቴም ትከሻዋ ረገብ ብሎ አይቻለሁ። ግን ጠንቃቃ ሰው ነበሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ከገበያም ከሠርግም ትውላለህ። ይህን ዘፈን ማን አወጣው?»

እኔ ነኝ የምትል አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። ስመኝ ታየኛለች። እኔ ነኝ ብል ምን ይደርስብኝ ነበር? የእናቴ ቁጣ፣ የአባ ተገኝ ቀኖና፣ የሰፈር ሳቅ። ሳቁን ፈራሁ።

«ማን እንዳወጣው አይታወቅም» አልሁ። «ሰው ሁሉ ግን ያወራዋል። እሳት በሌለበት ጭስ የለም።»

አባ ተገኝ ተነፈሱ። «እንግዲህ ጥርጥር ከገባ መጠመቁ አይጎዳም። ቅባቱም ይቅር» አሉ።

ስመኝ ቄደር ተጠመቀች። አይጎዳም የተባለው ጎዳ፤ መጠመቋ ለወሬው ምስክር ሆነና የአንበሳሜ ሽማግሌዎች በዚያው ቀሩ። ሌላ ባል ሊፈለግ ነው ሲባል ደግሞ ስመኝ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰች፤ ሌላ የምትቀባው አልነበራትም። ዛሬ ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ጥቋቁር ጥላ አለ፤ አይለቅም። ከቤት ስትወጣ በግንቦት ሙቀትም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትከናነባለች። የእመት ዘይነብ ባል ክርስቲያን ደንበኛ ስለ ራቀው በዓመቱ ሱቁን ዘጋና ሁለቱም ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። መንደሩም ውኃ ማፍላቱን ተወ፤ እሱም የእስላም ልማድ ተባለና። በቀጣዩ ክረምት ሕፃናት በተቅማጥ ሲታመሙ ማንን ልክሰስ?

እኔ ግን አልተውሁም። ውኃዬን አፈላለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ፣ በየጠዋቱ አንገቴን እታጠባለሁ። በዚያ ሰፈር ከእመት ዘይነብ ምክር የተጠቀመ ሰው ቢቆጠር የቀረሁት እኔ ነኝ። ቆዳዬ ጥሩ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልሁት አንተን አይደለምና። ልጅ ነበርሁም አልልህም፤ ግመልን ከጅብ ለይቼ የመረጥሁ ልጅ አልነበርሁም።

ያን ቀን አባ ተገኝ ከፈረዱ በኋላ እመት ዘይነብ ከበሩ ገባ አለችና ጎንበስ ብላ ቅባቷን ከመሬት አነሳች።

«ስመኝ፣ ልጄ» አለች፣ «ይህን ተዪው፤ ግድ የለም። ወደዚያ ቆርቆሮ ግን አትመለሺ። መታጠቡንም አታቋርጪ። ለብ ያለ ውኃ የማንም አይደለም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን አይደለም ያየችው፤ ከዓይኔ ዝቅ ብላ፣ ረጋ ብላ አየችኝ።

«አንገትህ ጠርቷል» አለች። «ደግ አደረግህ።»

ሻሿን አስተካክላ ወጣች። በሩንም፣ ሕፃን የተኛበት ቤት ይመስል፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።