ከምሰሶው ጀርባ የተሰቀለው አምፑል

የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ የኩራዝ ጋዝ የሚያድለው በወር አንድ ጊዜ ነበር፤ ለአንድ ቤት አንድ ጠርሙስ። ባለሱቁ የምንለው ሻጭ የሚለካበት ጣሳ መቀመጫው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ላዩ ሞልቶ ቢታይም ወደ ጠርሙሳችን ሲገለበጥ ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል። ይህን ሦስት ወር ካስተዋልኩ በኋላ አንድ ቀን ጣሳውን ከባንኮኒው አነሣሁና መቀመጫውን ለተሰለፈው ሰው አሳየሁ። መናገር አይሆንልኝም። ሰልፈኛው ግን ሳቀ።

ባለሱቁ ጣሳውን ነጠቀኝ። "መሐንዲሱ! እንዲህ ዓይንህ ካየ ጋዝ ምን ያደርግልሃል? በጨለማም ይታይሃል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ የእኛ ተራ ሲደርስ ጋዙ ያልቃል። ከኋላችን የቆሙት ግን እየሞሉ ይሄዳሉ።

እኔ በጊዜ ብተኛ ምንም አልነበረም። ችግሩ የእናቴ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ በሚካኤል ማኅበር ቦታውን የያዘችው እሷ ናት፤ የጽዋው ተረኛ ለመሆን ደግሞ ሦስት ወር ቀርቷታል። አሥራ አንድ ሰው አምሽቶ የሚጠጣበትን ቤት አጨልሞ መቀበል በእኛ አገር ጠላ እንደማጣት ነው፤ ለልጅ ልጅ ይወራል። እናቴ ሱቅ ድረስ ሄዳ ለመነችው።

"ምን አለሽ?" አልኳት ስትመለስ።

"'እትዬ፣ በጨረቃ ጠጡ' አለኝ።"

የበግ ፀጉሯን አንሥታ መፍተል ጀመረች። እኔ ግን ያንን ሰው በዚያው ጽዋ ላይ ላዋርደው ለራሴ ማልኩ።

ባለሱቁ የዚያው ማኅበር አባል ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ተነሥቶ "ጽዋና ድግስ ኋላ ቀርነት ነው!" እያለ ያወግዛል። በየወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ወደ ተረኛው ቤት በጓሮ በኩል ይመጣና ከምሰሶው ጀርባ ይቀመጣል። የኩራዝ ብርሃን እዚያ አይደርስም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይጠጣል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። በጽዋ ቤት የታየ ነገር ከደጃፍ አይወጣም።

እንግዲህ ያለ ጋዝ የሚበራ ብርሃን ያስፈልገኝ ነበር። መንዝ ላይ ነፋስ ለማግኘት ሰው አይለመንም፤ ከጓሳ ተራራ በኩል ሲመጣ የሣር ክዳናችንን በጠፍር ካላሰርነው ይዞት ይሄዳል። አባቴ ከበግ ፀጉር የሸመነውን ባና ብርድ ልብስ ይዤ መሐል ሜዳ ከተማ ወረድኩና ከአንድ ከተጣለ የጭነት መኪና በወጣ ዲናሞ፣ በአሮጌ ባትሪና በአንድ የመኪና አምፑል ለወጥኩት። ስለ ዲናሞ የማውቀው ሽፋኑ ከተገነጠለ የመካኒክ መጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ ነበር። ነፋስ የሚያዞረውን የመጀመሪያውን ክንፍ ከባሕር ዛፍ ጠረብኩ፤ በሁለተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ከጥድ ጠረብኩና አንዱ ጎን ከሌላው እንዳይከብድ በገመድ አንጠልጥዬ እየፋቅሁ አመጣጠንኩት። ክንፉ የብስክሌት ቸርኬ ያዞራል፤ ቸርኬው ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ዲናሞውን ያሽከረክራል። ነፋሱ ሲተኛ ሽቦውን በእጄ ካልነቀልኩ ዲናሞው የሰጠውን መልሶ ከባትሪው ይጠጣል። ይህን የተማርኩት ባትሪው ሁለት ጊዜ ባዶውን ካደረ በኋላ ነው።

አምፑሉ የበራ ዕለት እናቴ ወደ ጣራው ቀና ብላ፣ "ይህ ሁሉ ጥላሸት የኛ ነው?" አለች። በማግስቱ መሰላል አስይዛኝ ስትጠርግ ዋለች።

የሚሰቀልበትን ቦታ ለመምረጥ በየመደቡ እየተቀመጥኩ አየሁ። መሃል ቤት ከሆነ ምሰሶው ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ከምሰሶው ጀርባ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።

"እዚያ ጥግ ምን ያደርጋል?" አለች እናቴ።

"ሽቦው አጠረኝ" አልኳት። ስድስት ክንድ ሽቦ ተጠቅልሎ ከአልጋዬ ሥር ነበር።

በጽዋው ዕለት ጠዋት ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ሄድኩ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ በነፋስ የሚበራ መብራት ሠርቻለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ መጥተው ቢያዩልኝ?" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ስለ ጽዋው አላነሣሁም።

ባለሱቁ እንደ ልማዱ በጓሮ ገብቶ ጥጉን ያዘ። ሁሉም ተቀምጦ ጸሎቱ እንዳበቃ ሽቦውን አገናኘሁ።

"እግዚኦ!" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ይህ ሰይጣን ነው ወይስ መሐንዲስ?"

"ሰይጣን መብራት ምን ያደርግለታል? ይቀመጡ" አሉ የነፍስ አባታችን።

ሽማግሌው ወደ ጥጉ ዞሩ። "አንተ! ለካ ሸብተሃል!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባለሱቁ ወደ ግራ ሸሸ፤ እዚያም ብርሃን ነው። ወደ ቀኝ ሸሸ። ጺሙ ላይ የተንጠለጠለችው የዳቦ ፍርፋሪ ሳትቀር ትታይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፋጭ ነገር አልቀመስኩም።

ያኔ ሊቀ መንበሩ በሩን ገፍተው ገቡ። ሳቁ ቆመ። አምፑሉን አዩ፤ ቀጥሎ ከአምፑሉ ሥር ያለውን ሰው አዩ።

"ጓድ" አሉት ቀስ ብለው፣ "ባለፈው ስብሰባ ያወገዝከው ይኸን ነበር?"

ባለሱቁ ዋንጫውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ሽቦውን አየችው፤ ሁሉ ነገር ገባት። ተነሥታ ጽዋውን ከነፍስ አባታችን እጅ ተቀበለችና ሊቀ መንበሩ ፊት ቆመች።

"ጽዋ ፊቱ የቀረበለት ሰው ሳይቀምስ አይወጣም። የቄስ ልጅ ነዎት፤ እኔ ልንገርዎ እንዴ?"

ሊቀ መንበሩ እኔ በሰቀልኩት ብርሃን ፊት፣ አሥራ አንድ ሰው እያያቸው ቆሙ። እንቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የጽዋውን አፍ ስመው ጠጡ፤ አንድ ጉንጭ ሳይሆን ሦስት።

"እንግዲህ እኔም አልመጣሁም፣ እናንተም አላያችሁኝም" አሉ አፋቸውን እየጠረጉ።

"የነፋስ ስብሰባ ነበር ብለን ቃለ ጉባኤ እንይዛለን!" አሉ ሽማግሌው።

ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ባለሱቁ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ፣ "የዚህ ጽዋ ደጋሿ ማን ናት?" አለችኝ። "እሱ ጽዋ ጠጣ ተብሎ ቢታሰር እኔን ማን ይተወኛል? አንተ ልጅ፣ ሁሉን ትለካለህ፤ ይኸን አልለካህም?"

አልለካሁም ነበር። የዚያን ሰው ፊት ብቻ ሳስብ ሦስት ወር አልፎ ነበር። ጥፋቴን አመንኩላት፤ ቂሜ ግን አልበረደም። እንዲያውም አምልጦኝ ስለሄደ ባሰ።

በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ ራሱ እስከ አፉ የሞላ ጠርሙስ ጋዝ ይዞ ደጃችን ቆመ።

"እትዬ፣ የቀረባችሁን የወራቱን ነው" አለ።

"ተቀበለው" አለችኝ እናቴ።

"እዚህ ቤት ጋዝ አይገባም" አልኩ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለሥልጣኔ ብዬ ቤቴን ከጋዝ ያላቀቅሁ ይመስለዋል። እናቴ ጠርሙሱን ተቀብላ "እግዜር ይስጥልን" አለችውና በአጥር ላይ ለጎረቤታችን አቀበለቻት። ጎረቤታችን በዚያ ጋዝ አንድ ወር አመሸች። እኔም ያ ጋዝ እስኪያልቅ ድረስ ቤቷ አልገባሁም።