የሐጂ ወገብ

በሰው አገር ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከካርቲየ 4፣ ፖሊሶች የወሰዱኝ በጠዋት ነው። ወንጀላችን ያልተፈቀደ ስብሰባ ነበር። የተሰበሰብነው ግን ለልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ክፍል እንዲፈቀድልን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ነበር።

የታሰርንበትን ክፍል መጀመሪያ ሳየው ያስተዋልኩት ሙቀቱን ሳይሆን የሰዎቹን አቀማመጥ ነው። ሁሉም ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጀርባቸውን አጉብጠው፣ ሲሚንቶው ላይ በካርቶን ቁራጭ ተቀምጠዋል። እግር መዘርጊያ ቦታ የለም። የምንተኛውም በጎን ተጣጥፈን ነበር፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። በዚያ ክፍል ወገቡን የማያመው ሰው አልነበረም።

የሳይንስ መምህር ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ እዚያም አልተውኩም። አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጎብጦ ረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ ሳይንቀሳቀሱ መዋል፣ የውሃ ጀሪካን ከወገብ ታጥፎ ማንሳት ያመጣዋል። ጀሪካኑን ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ ማንሳት እንደሚሻል አሳየኋቸው። በየተራ እየተነሳን ግድግዳ ይዘን መንጠራራት ጀመርን። ብዙዎቹን ቀለል አላቸው።

«ቲቸር፣ ስንወጣ ሰርተፊኬት ትሰጠናለህ?» አለኝ ወደ የመን ሊሻገር ሲል የተያዘ አንድ ወጣት።

«ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ከያዝክ እሰጥሃለሁ» አልኩና ቀጠልኩ። «እግር ከደከመ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ያ የመቀመጥ ሕመም አይደለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።»

«አቦ፣ መምህር! ነውር ነው» አሉ ሐጂ።

ሐጂ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ካርቲየ 1 ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። የተያዙት ከእኔ ጋር፣ በዚያው ማመልከቻ ምክንያት ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ስለ ገላ በሰው ፊት አይወራም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ የውሃ ድርሻቸውን ለወጣቱ ሰጡት። በምሳ ሰዓትም እንዲሁ አደረጉ። በዚያ ሙቀት! ጠጋ ብዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አልጠማኝም።»

«ሐጂ፣ ከንፈርዎ ተሰነጣጥቋል።»

ዙሪያቸውን ቃኝተው አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ይወጥረኛል እንጂ አይወጣም። የምቀመጥበትም የራሴ ገላ አልመስል ብሎኛል። ለማንም እንዳትናገር፣ በአላህ!»

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ እንደ እኛው የሚናገር ሰው ነው። የጫት መኪኖች ጡሩምባ ከመንገድ ይሰማ ነበር።

«ሐጂን ወገባቸውን አሟቸዋል። ሆስፒታል መሄድ አለባቸው።»

«የናንተ ክፍል ሁሉ ወገቡን ነው የሚያመው!» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ግቢ ወጥቶ ትንሽ እንዲቆም ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ አየር ያማረው ሁሉ ወገቡን ይይዛል። ደህና ብልሃት መስሎን ነበር። አሁን የሚያምነን ጠፋ።

«ይሄ ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ?»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁብኝ፤ አትናገር ማለታቸው ነው።

«ሌላ ነው ስልህ!»

«ከጫት በኋላ እናየዋለን፣ ቲቸር። ዶክተሩም እኮ ይቅማል።»

በበሩ ቀዳዳ አየሁት፤ ምንጣፉ ላይ በግራ ክርኑ ደገፍ ብሎ ቅጠሉን መምረጥ ጀመረ። ከጫት በኋላ ማለት ከመሸ በኋላ ማለት ነው። ደጋግሜ ደበደብኩ፣ እጄ እስኪያብጥ። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ነበር፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። እሱን መናገር ግን አልችልም። ስለ ወገብ ያን ሁሉ ሳወራ ሰንብቼ የሚያስፈልገውን ብቻ መዋጥ አንገበገበኝ።

«ሐጂ፣ እባክዎ! ይፍቀዱልኝና ልንገረው።»

«አንተ አትነግረውም» አሉ። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ግራ እግራቸው ተጎተተ። «ገላው የእኔ ነው። እኔ እነግረዋለሁ።»

መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ያ ቀልደኛ ወጣት ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ሁላችንም ዞርን። ማንም አላዘዘንም። ሐጂ ጠባቂውን በሶማልኛ ጠሩት። ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ የሆኑትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩት። ጠባቂው አልሳቀም። ቁልፉ ሲዞር ሰማን።

«ኑ፣ አባቴ» አለ በአማርኛ። «ትከሻዬን ይያዙ።»

እኔ ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ሐጂ በዚያው ምሽት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳሉ፤ ግራ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ «ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ» ብሏቸዋል። ይቺ «ቀደም ብሎ» አሁንም ታናድደኛለች። በጠባቂው ጫት ልናደድ፣ በእኛ ብልሃት ወይስ በነውሩ? አልቆረጠልኝም፤ በየተራ በሁሉም እናደዳለሁ።

በቀደም ሱቃቸው ስገባ አንዲት ደንበኛ ወገቧን ይዛ ጨርቅ ትመርጥ ነበር። ሐጂ መቀሱን አስቀመጡና በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሀል «ሽንትሽስ ደህና ይወጣል?» አሏት።

ሴትየዋ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ሐጂ ግን መልሷን ይጠብቁ ነበር።