ወረቀቱ እርጉዝ መሆኔን አያውቅም

ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ቢለኝ፣ እርጉዝ ሁሉ ያብጣል ብዬ ተውኩት። ለክትትል ስሄድ ግን ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አገኙና የኩላሊት የደም ምርመራ ታዘዘልኝ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ልጅ ውጤቱን ሲሰጠኝ “ክሪያቲኒንሽ፣ የኩላሊትሽ ቁጥር፣ ኖርማል ነው” አለኝ። እኔም አየሁት፤ ቁጥሩ ከጎኑ ከተጻፈው የጤነኛ ሰው ልክ መሃል ላይ ነው። ለአማቴ ደወልኩ፤ በስልክ እልል አሉ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው።

“ምነው? ኖርማል ነው ተብያለሁ እኮ።”

“ማን አለሽ?”

“ወረቀቱ።”

“ወረቀቱ እርጉዝ መሆንሽን ያውቃል?”

ሴት ስታረግዝ ኩላሊቷ ከወትሮው የበለጠ ደም ስለሚያጣራ ይህ ቁጥር ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ያንቺ አልወረደም አለችኝ።

“ከማርገዝሽ በፊት ተለክተሽ ታውቂያለሽ?”

“ማን ጤነኛ ሆኖ ኩላሊቱን ይለካል?”

“ማንም። ለዚህ ነው ችግሩ የቆየ ይሁን አዲስ የማላውቀው። እየጨመረ ከሄደ ያለ ጊዜው ልናዋልድሽ እንችላለን።”

ሌላ ምን እንዳለች በደንብ አልሰማሁም። ሰባት ወር፣ ሰባት ወር እያልኩ ነበር የወጣሁት።

የታዘዝኩት የሙሉ ቀንና ሌሊት ሽንቴን እንዳጠራቅም ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ደፍቼ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት አንድ ጠብታ ሳይቀር በንጹሕ ጀሪካን። እኛ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ በጋራ ግቢ ነው የምንኖረው፤ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። ጀሪካን አንጠልጥዬ ስመላለስ ሰው ሁሉ አየኝ። አማቴ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ክደኚው። ጠላ መስሎት የሚቀዳ እንዳይመጣ።”

“ይቅዳ! ፕሮቲን አለው።”

ሳቅን። ቀጥሎ ግን አማቴ ክዳኑን አጥብቀው ጥግ አስያዙት። ቀኑን ሙሉ ከግቢ አልወጣሁም፤ እኔ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያመኝ ሰው። በተነሣሁ ቁጥር ግን ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ቆም ብዬ እጠብቃለሁ፤ አለ፣ አለ።

በማግስቱ ጀሪካኑን ከአማቴ ጋር በባጃጅ ወሰድነው። ደም ደግሜ ሰጠሁ። ውጤቱ እስኪወጣ ኮሪደሩን ስመላለስ አንዲት ነርስ “እኅቴ፣ ወለሉን ጨረስሽው” አለችኝ።

ሐኪሟ ጠራችን። ፕሮቲኑ አለ፤ ቀላልም አይደለም። የደሙ ቁጥር ግን አልጨመረም።

“ዛሬ አናዋልድሽም። በየሳምንቱ እንለካዋለን። ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በሩጫ ነይ። አሁን ቤትሽ ሂጂ።”

ከቢሮዋ ወጣንና በሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

“በይ ተነሺ፣ ሂጂ ተባልሽ እኮ” አሉኝ አማቴ።

“ትንሽ እንቆይ፣ አደይ፣ እናቴ። ቤት ውስጥ ማን ይለካዋል?”

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።